ስለ «እድሳት» እና ስለ ጎረቤቶቹ፤ የሕንፃ ሥራ ስያሜዎች በዩኒቨርሲቲ ግቢ

በአንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የሕንፃ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ብዙ ወረቀት ይጻፋል። የጥናት ሰነድ፣ የጨረታ ማስታወቂያ፣ የሥራ ዝርዝር፣ ውል፣ በመጨረሻም የርክክብ ቃለ ጉባኤ ይዘጋጃል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በሁለት ቋንቋ የሚጻፉ ናቸው፤ መሐንዲሱ በእንግሊዝኛ ያዘጋጀውን ተርጓሚው ወደ አማርኛ ይመልሰዋል። ሁለቱን ቅጆች ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያነብ ሰው ግን አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። በእንግሊዝኛው ቅጅ «ሜይንተናንስ»፣ «ሪፔር»፣ «ሪኖቬሽን»፣ «ሪሃቢሊቴሽን»፣ «ሪስቶሬሽን»፣ «አዳፕቴሽን» ተብለው በየቦታቸው የተቀመጡት ስድስት ቃላት በአማርኛው ቅጅ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አይበልጡም። ወይ «ጥገና» ይሆናሉ፣ ወይ «እድሳት» ይሆናሉ፤ ከሁለቱም ይልቅ የሚበዛው «እድሳት» ነው። ግድግዳ ቀለም መቀባት እድሳት ይባላል፤ የሚያፈስ ጣራ መድፈን እድሳት ይባላል፤ የመማሪያ ክፍልን ወደ ቤተ ሙከራ መለወጥ፣ የተሰነጠቀ ምሰሶን ማጠናከር፣ የጥንት የድንጋይ ግድግዳን ወደ ቀድሞ መልኩ መመለስ፣ ሁሉም እድሳት ይባላሉ።

ይህን ጉዳይ በዚህ መጽሔት ላይ ማንሣታችን ቃላትን ለማብዛት ብለን አይደለም። ቃል የሚበዛበት ሙያ ሁሉ የጠራ ሙያ ነው የሚል እምነትም የለንም። ነገሩ ሌላ ነው። በሕንፃ ሥራ ውስጥ ወረቀቱ ራሱ ሥራውን ያዛል። ሥራ ተቋራጩ የሚከፈለው በውሉ ላይ የተጻፈውን ስለ ሠራ ነው፤ አማካሪ መሐንዲሱ የሚቆጣጠረው በውሉ ላይ የተጻፈውን ነው፤ በጊዜያዊው ርክክብ ቀን የሚነበበውም ያው ነው። ስለዚህ ቃሉ ልቅ ከሆነ ሥራውም ልቅ ይሆናል።

አንድ ምሳሌ እናስብ። ዕድሜው የገፋ፣ በድንጋይና በኖራ የተሠራ አንድ ሕንፃ አለ። የእንግሊዝኛው ሰነድ የሚጠይቀው የድንጋዩ ፊት በጥንቃቄ እንዲጸዳና የላላው መጋጠሚያ እንደ ቀድሞው በኖራ እንዲሞላ ነው። የአማርኛው ቅጅ ግን «የፊት ግድግዳ እድሳት» ብሎ ያልፋል። ሥራ ተቋራጩ ግድግዳውን በሲሚንቶ ለስኖ፣ ነጭ ቀለም ቀብቶ፣ አሳምሮ ያስረክባል። ማንም ሰው አላታለለም፤ ቃሉ ራሱ ፈቅዷል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ጉዳቱ ይታያል። ኖራ ለስላሳና እርጥበት የሚያስተነፍስ ማያያዣ ስለ ሆነ በግድግዳው ውስጥ የሚገባው ውሃ በመጋጠሚያው በኩል ይወጣል። ሲሚንቶ ግን ጽኑና ድፍን በመሆኑ እርጥበቱን ያግደዋል፤ የታገደውም እርጥበት በድንጋዩ በኩል መውጫ ይፈልጋል፤ የተሸከመው ጨው እየደረቀና እየጠጠረ የድንጋዩን ገጽ እየላጠ ይጥለዋል። በጎንደር የፋሲል ግቢ ሕንፃዎች በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶ ከተጠገኑ በኋላ፣ ኋላ የመጡት የጥበቃ ሥራዎች ያንኑ ሲሚንቶ እያስወገዱ በኖራ ለመተካት መገደዳቸው የዚህ ዓይነት ታሪክ ነው። አንዱ ትውልድ «አደስሁት» ያለውን ሌላው ትውልድ ማፍረስ ነበረበት።

አሁን ወደ ቃሉ እንመለስ። «አደሰ» ከግእዙ «ሐደሰ» የመጣ ነው፤ «ሐዲስ»፣ «አዲስ»፣ «ተሐድሶ» ሁሉ የዚሁ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። ሁለቱ ታላላቅ መዛግብተ ቃላታችን እንኳን ይህንኑ ሥር በርእሳቸው ላይ ተሸክመውታል፤ በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መጽሐፍ «መዝገበ ቃላት ሐዲስ» ይላል፤ በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ ደግሞ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ይላል። የሥሩ መሠረታዊ ትርጉም እንግዲህ ግልጽ ነው፤ ማደስ ማለት አዲስ ማድረግ ነው። አዲስ የሆነ ነገር ምን መምሰል እንዳለበት ግን ቃሉ አይናገርም። የቀድሞውን መምሰል አይጠበቅበትም፤ እንዲያውም አለመምሰሉ ይሻላል የሚል ስሜት በውስጡ አለ። በሕዝቡ አነጋገር ታድሷል የሚባለው ቤት የሚያብረቀርቅ ቤት ነው። ያረጀው ጎልቶ የሚታይበት ቤት «ታደሰ» ቢባል ሰሚው ይሥቃል።

ቃሉ ሌላም ችግር አለው። ውል ይታደሳል፤ ፈቃድ ይታደሳል፤ መታወቂያ ይታደሳል። በአንድ የውል ሰነድ ውስጥ «የእድሳት ጊዜ» የሚል ሐረግ ቢገኝ የሕንፃው እድሳት የሚፈጀው ጊዜ ይሁን ወይስ ውሉ ራሱ የሚታደስበት ጊዜ፣ ከዐውዱ ካልሆነ በቀር መለየት አይቻልም። «ተሐድሶ» የሚለው የግእዙ ቅርጽ ደግሞ ለሕንፃ እንዳይውል ቀድሞ ተይዟል። አካለ ስንኩላንንና የቀድሞ ወታደሮችን መልሶ ለማቋቋም፣ እንዲሁም ለሃይማኖት ለውጥ እንቅስቃሴ ስለሚያገለግል፣ «የቤተ መጻሕፍቱ ተሐድሶ» ብንል አንባቢው የሚያስበው ከጣራና ከግድግዳ የራቀ ነገር ነው።

«ጠገነ» ከዚህ የተለየ ጠባይ አለው። የተሰበረ አጥንት ይጠገናል፤ ወጌሻ ይጠግናል። የተጠገነ አጥንት ያው የቀድሞው አጥንት ነው፤ ሌላ አጥንት አልተተካበትም፤ አዲስም አልሆነም፤ ጠባሳ ሊኖርበት ይችላል፤ ነገር ግን ይሠራል። ይህ ከእጅ ሥራ ወደ ሕንፃ ሥራ የተሻገረ ምስል ለእኛ ብዙ ይጠቅመናል፤ ምክንያቱም ጥገና ሁለት ነገሮችን በአንድ ቃል ይናገራል። አንደኛ፣ የተጎዳ ነገር እንዳለ ይናገራል። ሁለተኛ፣ የተጎዳው ነገር ማንነቱን ይዞ እንደሚቀጥል ይናገራል።

አማርኛ በዚህ መስክ ድኻ ነው የሚለውን አስተያየት አልፎ አልፎ ከተርጓሚዎች እንሰማለን። አንስማማም። ክረምት ባለፈ ቁጥር ቤቱን የሚያበጅ ገበሬ ከአንድ በላይ ግስ ያውቃል። ግድግዳውን በጭቃ ይመርጋል፤ ወለሉን በእበት ይለቀልቃል፤ ጣራውን በሣር ይከድናል፤ ከተማ የገባ እንደ ሆነ ደግሞ ግድግዳውን በኖራ ወይም በሲሚንቶ ያስለስናል። መመረግ፣ መለቅለቅ፣ መለሰን፣ ሦስቱም አንድን ገጽ በሌላ ነገር መሸፈን ሲሆኑ ሦስቱም በሚቀባው ነገርና በሚቀባበት ቦታ ይለያያሉ። ድህነቱ ያለው እንግዲህ በእጅ ሥራው ስያሜ ላይ አይደለም። የሥራውን ዓላማ በሚናገሩት ቃላት ላይ ነው፤ ያም ሥራው ለምን፣ እስከ ምን ድረስ ይሠራል የሚለው ነው። ገበሬው ይህን የሚነግረው ቃል አላስፈለገውም፤ ቤቱም ዓላማውም የራሱ ነውና። ቃሉ የሚያስፈልገው አሠሪው፣ ገንዘብ ከፋዩ፣ መሐንዲሱና ሠራተኛው የተለያዩ ሰዎች ሲሆኑ ነው፤ ይህም በዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚታየው ሁኔታ ነው።

የዓላማ ቃላትን በመለየት ረገድ ሁለት ዓለም አቀፍ ሰነዶች ለተርጓሚ ጥሩ መመሪያ ናቸው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1964 በቬኒስ የወጣው የሐውልቶችና የታሪካዊ ቦታዎች ቻርተር ነው። ይህ ሰነድ ወደ ቀድሞ ሁኔታ መመለስን እንደ ልዩ ሥራ ቆጥሮ፣ ግምት በጀመረበት ቦታ ሥራው መቆም እንዳለበት ይደነግጋል፤ በሕንፃው ላይ በየዘመኑ የተጨመሩትም ተገቢ ቅሪቶች እንዲከበሩ ያዛል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1979 በአውስትራሊያ በቡራ ከተማ የወጣውና ከዚያ በኋላ ተደጋግሞ የተሻሻለው ቻርተር ነው። የቡራው ሰነድ ትርጓሜን አስቀድሞ መስጠቱ ለእኛ ለመዝገበ ቃላት ሰዎች የሚያስደስት ነው። በማብራሪያው ላይ የሰጠው የአሸንዳ ምሳሌም ከረጅም ትርጓሜ ይልቅ ያስረዳል። አሸንዳን በየጊዜው መመርመርና ቆሻሻውን ማውጣት ክብካቤ ነው። ከቦታው የተነቀለውን አሸንዳ ራሱን አንሥቶ ወደ ቦታው መመለስ ሪስቶሬሽን ያለበት ጥገና ነው። የበሰበሰውን አሸንዳ ጥሎ በአዲስ መተካት ሪኮንስትራክሽን ያለበት ጥገና ነው። ልዩነቱ አዲስ ቁስ መግባቱና አለመግባቱ ነው። አንድ አሸንዳ፣ ሦስት ሥራ፣ ሦስት ስያሜ፤ በአማርኛው የጨረታ ሰነድ ግን ሦስቱም «የአሸንዳ እድሳት» ናቸው።

ከዚህ በኋላ የምናቀርበው የራሳችን ሐሳብ ነው። ስያሜ ሲመረጥ ብዙ ጊዜ የሚታየው የቃሉ ትርጉም ብቻ ነው፤ ቃሉ በዐረፍተ ነገር ውስጥ ምን ተከታይ እንደሚጠይቅ አይታይም። እኛ ግን ለውልና ለመመሪያ የሚውል ስያሜ በሰዋስዋዊ ጠባዩም መመረጥ አለበት እንላለን። ግሶቹን አንድ በአንድ እንፈትሽ።

«ሕንፃውን አደሰ» ብንል ዐረፍተ ነገሩ ሙሉ ነው፤ ሰሚው ሌላ ነገር አይጠይቅም። «ጣራውን ጠገነ» ስንል ደግሞ በሰዋስው ሙሉ ቢሆንም ሰሚው «ምን ሆኖ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል፤ ምክንያቱም ደኅና ጣራ አይጠገንም። «ሕንፃውን መለሰ» ብንል ግን ነገሩ ይለወጣል። በዚህ መልክ ከቆመ ትርጉሙ ሕንፃውን ለባለቤቱ አስረከበ ማለት ይሆናል፤ እኛ የምንፈልገውን ትርጉም እንዲሰጥ «ወደ» የሚል ተከታይ የግድ ያስፈልገዋል። «ወደ ቀድሞ መልኩ መለሰው»፤ ሰሚውም ወዲያው «ወደ የትኛው ቀድሞ?» ይላል። «ለወጠ»ም እንዲሁ ነው፤ ክፍሉን ለወጠ ብሎ የሚያበቃ ሰው ክፍል ቀየረ እንጂ ክፍሉን ሌላ አደረገ አልተባለም፤ «ወደ ቤተ ሙከራ» የሚለው መጨመር አለበት። «አላመደ» ደግሞ «ከ … ጋር» ይጠይቃል።

ስለዚህ «እድሳት» ከሁሉም ይልቅ የተመቸ የሚመስለው ምንም ስለማይጠይቅ ነው። በውል ላይ አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ተርጓሚ ቃል ሲመርጥ ጸሐፊውን እንዲጠይቅ የሚያስገድድ ቃል ቢመርጥ ሰነዱ ይጠራል። በዚህ መሠረት «ሜይንተናንስ» ለሚለው «ክብካቤ»፣ «ሪፔር» ለሚለው «ጥገና»፣ «ሪስቶሬሽን» ለሚለው «ምልሰት»፣ አዲስ ቁስ ሲገባበት «መልሶ ግንባታ»፣ ሕንፃው ለሌላ አገልግሎት እንዲመች ሲደረግ «ማላመድ»፣ ተጨማሪ ክፍል ወይም ፎቅ ሲሠራ እንደ ተለመደው «ማስፋፊያ» እንዲባል እንመክራለን። «እድሳት» ለ«ሪኖቬሽን» ይቅር፤ ማለትም የቀድሞውን መልክ የመጠበቅ ግዴታ በሌለበት፣ ሕንፃውን በጊዜው ደረጃ አዲስና ምቹ ለማድረግ ለሚሠራው ሥራ ብቻ ያገልግል። ይህ ለቃሉ ክብር እንጂ ውርደት አይደለም፤ የሥሩ ትርጉምም ይኸው ነው።

«ምልሰት» በሥነ ጽሑፍ ሒስ ውስጥ ታሪክን ወደ ኋላ መልሶ ለመተረክ ማገልገሉን እናውቃለን። መስኮቹ የተራራቁ ስለ ሆኑ ግጭት አይፈጠርም፤ እንዲያውም ሁለቱም ወደ ኋላ ስለሚመለከቱ ዝምድና አላቸው። ይልቅ የሚያሳስበን ሌላ ነው። ግስ ስም ሲሆን ተከታዩን ሊጥል ይችላል፤ «የሕንፃ ምልሰት» ተብሎ በርእስ ላይ ሲቀመጥ «ወደ» ይጠፋና ቃሉ ልክ እንደ «እድሳት» ዝም ይላል። ስለዚህ በሰነዱ ውስጥ ቃሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በሚገኝበት ቦታ «ወደ ነበረው … መልክ ምልሰት» ተብሎ በሙሉ መጻፍ አለበት፤ ባዶው ቦታ ካልተሞላ ተርጓሚው ሰነዱን ለአዘጋጁ ይመልስ።

ይህ ጥያቄ የቃላት ጨዋታ አለመሆኑን ለማየት ስድስት ኪሎ ድረስ መሄድ ይበቃል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በተደረገው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጊዜ መኳንንቱና ሚኒስትሮቹ የተረሸኑበት አረንጓዴው ሳሎን በዚሁ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ግቢውን ለትምህርት ሰጥተው በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተበት፤ እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም በቤተ መንግሥቱ ሕንፃ ገባ፤ ሙዚየሙ የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ክፍል ጭምር ይዟል። እዚህ ላይ በነካ እጃችን አንድ ነገር እንበል። «ግቢ» የሚለው ቃል ቀድሞ የነገሥታትን ቅጥር ይናገር ነበር፤ ፋሲል ግቢ፣ ታላቁ ግቢ እንደሚባለው። ዛሬ ተማሪው «ግቢ ገባሁ» ሲል ዩኒቨርሲቲ ገባሁ ማለቱ ነው። በስድስት ኪሎ ቃሉ ከቦታው ሳይንቀሳቀስ ባለቤቱ ተለወጠ፤ «ካምፓስ» የሚለውን ለማስገባት የሚደክሙ ጸሐፊዎች ይህን ቢያስታውሱት መልካም ነው።

በዚሁ ሕንፃ ፊት ለፊት ወደ የትም የማያደርስ አንድ የሲሚንቶ ደረጃ ቆሟል። ያሠሩት ጣሊያኖች ናቸው፤ ከ1922 የሮም ጉዞ ጀምሮ ያለውን የፋሺስት ሥልጣን በዓመት አንድ እርከን እየቆጠረ ወደ ላይ ይወጣል። ከነጻነት በኋላ በመጨረሻው እርከን ጫፍ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። እንግዲህ አንድ ቀን ይህ ግቢ በሰነድ «ይታደስ» ቢባል ደረጃው ምን ይሆናል? በ«እድሳት» ቃል የተዋዋለ ሰው ለስኖ ቀለም ሊቀባው ይችላል፤ የማያገለግል ደረጃ ነው ብሎም ሊያፈርሰው ይችላል። «ምልሰት» የሚል ቃል የያዘ ሰነድ ግን ወደ መቼ ብሎ መመለስ አለበት። ከወረራው በፊት ወደ ነበረው መልክ ከተባለ ደረጃው ይነሣል፤ ወደ 1953 ዓ.ም. መልክ ከተባለ ደረጃውም አንበሳውም ይቆያሉ። የቬኒሱን ቻርተር የሚከተል ሰው ደግሞ የየዘመኑ ቅሪት ይከበር ስለሚል ሁለቱንም ያቆያል። እኛን ብትጠይቁን አንበሳው በደረጃው ላይ መቀመጡ ራሱ የተጻፈ መልስ ነው፤ ደረጃው ከተነሣ አንበሳው የሚናገረው ነገር አይኖረውም። ዋናው ቁም ነገር ግን የእኛ ምርጫ አይደለም፤ ምርጫው የሚታይ ምርጫ ሆኖ በወረቀት ላይ መስፈሩ ነው።

የሥራን ዓላማ በሚናገሩት ቃላት ላይ ይህን ያህል ከጠበቅን፣ የነገሮችን ስም በተመለከተስ? በሕንፃ ሥራ የሚነገረው አማርኛ በጣሊያንኛ ቃላት የተሞላ ነው። ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ አርማታ፣ ሶሌታ፣ ላሜራ ከዚያው የመጡ ናቸው። ኖራና መሐንዲስ ከዐረብኛ ናቸው፤ ጡብም እንዲሁ፤ ይህ ቃል በስፔን በኩል ዞሮ «አዶቤ» ሆኖ አሜሪካ ደርሷል። ግእዝ ለጡብ «ግንፋል» የሚል የራሱ ቃል ነበረው፤ ነገር ግን ዛሬ ግንፋል የሚጭን መኪና የትም አይገኝም። እነዚህን ለመንቀል መሞከር ከንቱ ድካም ነው እንላለን፤ ምክንያቱም ቀላል ነው። ፌሮን በሥራው ቦታ በጣት ማሳየት ይቻላል፤ ግንበኛውና መሐንዲሱ በስሙ ባይግባቡ በዕቃው ይግባባሉ። ምልሰትን ወይም ክብካቤን ግን በጣት ማሳየት አይቻልም፤ ሥራው እስኪሠራ ድረስ ያለው በወረቀት ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥንቃቄያችን ሁሉ ወደዚያ ቢያዘነብል ይሻላል።

ከዚህ ደንብ የሚወጣ አንድ ቃል አለ፤ «ኮርኒስ»። በጣሊያንኛ ቃሉ ክፈፍን፣ በሕንፃም ላይ በግድግዳ ራስ የሚዞረውን ጎላ ያለ ጌጥ ይናገራል። በአማርኛ ግን ከጣራው በታች ያለውን የክፍሉን ሽፋን መጠሪያ ሆኗል። የድሮ ቤተ መንግሥት ፊት ስለሚጠገንበት ሥራ የተጻፈ የእንግሊዝኛ ሰነድ ያንን ጌጥ ሲጠራ ተርጓሚው ተመሳሳይ ድምፅ ስለ ሰማ «ኮርኒስ» ብሎ ያስቀምጠዋል፤ አናጢውም የክፍሉን ኮርኒስ አፍርሶ በአዲስ ቺፑድ ይተካል። በውጭ ያለው ጌጥ ግን እንደ ተሰነጠቀ ይቀራል። ለውጩ ጌጥ «ክፈፍ» የሚለውን የቆየ ቃል እንመርጣለን፤ ኮርኒስ በለመደበት ይቅር።

«ሕንፃ» የሚለውም ሳይነሣ ባይታለፍ መልካም ነው። በግእዝ «ሐነጸ» በጸሎቱ ጸ ሲጻፍ፣ ዛሬ ብዙዎቻችን በፀሐዩ ፀ እንጽፈዋለን። ትርጉሙም ሁለት ፊት አለው፤ የማነጽን ተግባርም የታነጸውንም ነገር ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመውን የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሕዝቡ «ሕንፃ ኮሌጅ» ብሎ ሲጠራው የሚጠቅሰው የመጀመሪያውን ፊት ነው፤ ሕንፃ መሥራት የሚያስተምር ኮሌጅ ማለቱ ነው። ዛሬ ግን በሰነዶች ላይ ተግባሩን «ግንባታ» ስለ ወሰደው «ሕንፃ» ለቆመው ነገር ብቻ እየቀረ ነው። ክፍፍሉ የሚጠቅም ስለ ሆነ ሊበረታታ ይገባል። «ታነጸ» ለቤተ ክርስቲያንና ለትውልድ፣ «ተገነባ» ለመንግሥት ሥራ፣ «ተሠራ» ለሰው ቤት መዋሉም በራሱ ጊዜ የመጣ የደረጃ ልዩነት ነው።

ሌላው በፍጥነት ስያሜ የሚፈልገው ጉዳይ የማጠናከር ሥራ ነው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ ተደጋግሞ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል። ከእንዲህ ያለ ነገር በኋላ ግድግዳ ሲመረመር ሪፖርቱ የሚጽፈው «ስንጥቅ» ብቻ ከሆነ አንባቢው የልስኑ ላይ መስመር ይሁን ወይም ምሰሶውን የከፈለ ስብራት አያውቅም። አማርኛ «ንቃቃት» የሚል ቃል አለው፤ የደረቀ መሬት ላይ የሚታየው፣ ከገጹ የማያልፈው መሰነጣጠቅ ነው። እንግዲህ በልስን ገጽ ላይ ለሚታየው ቀጭን መስመር «ንቃቃት»፣ ግድግዳውን ወይም ምሰሶውን ዘልቆ ለሚሄደው «ስንጥቅ» ቢባል ሪፖርት ጸሐፊው ሳይወድ በግድ አተኩሮ እንዲያይ ይሆናል። ንቃቃት በልስን ይጠገናል። ስንጥቅ ግን «ማጠናከሪያ» ይፈልጋል፤ ማጠናከሪያም ሸክም የሚሸከመውን አካል ብርታት የሚጨምር ሥራ ስለ ሆነ ከጥገናም ከእድሳትም ተለይቶ በራሱ አርእስት መጻፍ አለበት። ስንጥቅን ለስኖ «ታድሷል» ማለት በሰው ሕይወት መቀለድ ነው።

በሐሳባችን ላይ ሊነሡ የሚችሉትን ተቃውሞዎች አንሸሽም። አንዱ፣ ብዙ መሥሪያ ቤቶች «የጥገና ክፍል» የሚል ስም ያለው አካል ስላላቸውና ይህ ክፍል የዘወትር ክብካቤንም ስለሚሠራ፣ «ጥገና» ለሁለቱም ይበቃል የሚል ነው። የክፍሉን ስም የመቀየር ሐሳብ የለንም፤ የሥራ ዝርዝር ሲጻፍ ግን አሸንዳ መጥረግና አሸንዳ መጠገን በአንድ ዋጋ ሊቀመጡ አይገባም። ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ለ«ሜይንተናንስ»ም ሆነ ለ«ኮንሰርቬሽን» «ጥበቃ» የሚለው ቃል ይሻላል የሚል ነው። «ጥበቃ» ለሰፊው ጽንሰ ሐሳብ ጥሩ ቃል ነው፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209ም በርእሱ «አጠባበቅ» ብሏል። በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ግን ጥበቃ ማለት አስቀድሞ በሩ ላይ ቆሞ መታወቂያ የሚጠይቀው ሰው ነው። «የሕንፃው ጥበቃ ተጓድሏል» ተብሎ የተጻፈ ደብዳቤ ለየትኛው ክፍል እንደሚመራ አስቡት። ስለዚህ ለሰፊው ጽንሰ ሐሳብ «የቅርስ ጥበቃ» ተብሎ ከዘርፉ ጋር ይጻፍ፤ ለየዕለቱ ሥራ ግን ክብካቤ ይበቃል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል። «ማላመድ» ቴክኖሎጂን ከአገር ሁኔታ ጋር ለማስማማት ሥራ ላይ ስለዋለ ለሕንፃ ሲውል ያሻክራል የሚሉ ባልደረቦች አሉ፤ «የአገልግሎት ለውጥ» እንዲባልም ይፈልጋሉ። ለውጡ የሕንፃውን አካል ሳይነካ አገልግሎቱን ብቻ የሚቀይር ከሆነ ትክክል ናቸው፤ የመኝታ ክፍል ሙዚየም ሲሆን የሆነው ይህ ነው። ለአዲሱ አገልግሎት ሲባል ግድግዳ ከተነሣ፣ መወጣጫ ከተሠራ፣ የኤሌክትሪክ መስመር ከተዘረጋ ግን ሥራው ከአገልግሎት አልፎ አካልን ነክቷል፤ ሌላ ስም ይገባዋል። እስከዚያው ሁለቱም ቃላት በሥራ ላይ ይቆዩና ተርጓሚዎች በየሰነዱ ያጋጠማቸውን ለዚህ መጽሔት ይላኩልን፤ በተለይም «ኦሪጂናል» ለሚለው ቃል፣ ከግድግዳና ከመስኮት ጋር ሲነገር፣ «ነባር» በቂ ሆኖ ያገኙትና ያላገኙት ካለ ዐረፍተ ነገሩን ሙሉውን ቢልኩልን እንመርጣለን።